ጭጋጉ ከውጭ አይደለም

ሐረር የራሷ ኤርፖርት የላትም፤ በአውሮፕላን የመጣ ሰው ድሬዳዋ ወርዶ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ይወጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናቸው። በኅዳር ንጋት ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሲወጣ የፊት መስታወቱ ይደበዝዛል። ጥፋቱ የእኛው ትንፋሽ ነው፦ ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ እርጥበቱ ጤዛ ይሆናል። ሾፌሩ በጨርቅ ቢወለውለው ወዲያው ይመለሳል። መስኮት ገርበብ ቢደረግ እርጥበቱ ይወጣ ነበር፤ ግን "ኧረ ንፋስ ይመታናል!" የሚል መቼ ጠፍቶ!

እንደ ሴስና 172 ያለች ትንሽ አውሮፕላንም ችግሯ ይኸው ነው። በሞተሩ የጭስ ማውጫ ዙሪያ የሞቀ አየር በቱቦ መጥቶ መስታወቱ ላይ ይነፋል። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ግን አብራሪውም መስኮት ከፍቶ መብረድ ነው።