ከልስኑ ሥር ያለው አማና



ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን። የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ ስለ አንድ የሪዝቅ በርና በበሩ ላይ ስለሚጠብቅ ፈተና እንነጋገራለን።

በቅርቡ ከዐስር ሰላት በኋላ አምስት ወጣቶች አነጋገሩን። ተደራጅተው የሚሠሩ ግንበኞችና አናጢዎች ናቸው። በአንድ አሮጌ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እድሳት ላይ ከዋናው ተቋራጭ የልስን ሥራ ወስደዋል። ውሉ ግድግዳው በኖራ እንዲለሰን ያዛል። በቦታው ግን «በሲሚንቶ ጨርሱት፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ማን ያየዋል?» ተባሉ። «ኡስታዝ፣ እምቢ ካልን ሥራው ይሄድብናል፤ ለመሣሪያ የተበደርነው ዕዳም አለብን። እሺ ካልን ሐራም መብላት ይሆንብናል ወይ?» አሉን።

ወገኖቻችን! ይህ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ሊሆን ይችላል። የሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በአዲስ አበባ የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በከፊል ታድሶ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። እንዲህ ባለው ሥራ ድንጋይ መጥረብ፣ አሮጌ በርና መስኮት መጠገን፣ ግድግዳ መለሰን የእጅ ጥበብ ይጠይቃል። ለአነስተኛ ማኅበራት ቦታ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው።

ለምን ኖራ? በድንጋይ፣ በጭቃና በኖራ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ የገባበትን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫው ይዘጋል። እርጥበቱ ውስጥ ታምቆ ድንጋዩን ይበላል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላም ልስኑ ይረግፋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ስለዚህ በተመዘገበ ቅርስ ላይ ተቋራጩም ሆነ ለሳኙ ማቴሪያሉን በራሱ ፈቃድ የመለወጥ መብት የለውም።

ለወጣቶቹ የሰጠነው መልስ ይህ ነው። ሱረቱል ማኢዳ የሚከፈተው ምእመናን ውላቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው። የኖራ ዋጋ ተቀብሎ በድብቅ ሲሚንቶ መለሰን ማታለል ነው። «ማን ያየዋል?» ለሚለውም ሙእሚን መልሱን ያውቀዋል።

ነገር ግን «አላህን ፍሩ» ብለን ብቻ አልሸኘናቸውም። እናንተም ብትይዙት የሚጠቅም ምክር አለን።

አንደኛ፣ ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት ሕንፃውን ሂዳችሁ እዩ። ጣሪያውን፣ አሸንዳውን፣ የእንጨቱን ጫፍና መሠረቱን መርምሩ። ኖራ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ቀኑን በዋጋው ውስጥ አስቡት።

ሁለተኛ፣ አሮጌው ልስን ሳይነሳ የጉዳቱ መጠን አይታወቅም። ፉቀሃዎች ገረር የሚሉት እንዲህ ያለውን ድብቅ ነገር ነው። ስለዚህ በጥቅሉ ከመዋዋል በካሬ ሜትር ተዋዋሉ፤ ልኬቱም ሁለታችሁ ባላችሁበት ይወሰድ። ተጨማሪ ሥራ ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ አትጀምሩ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለ መጻፍ መሆኑን አስታውሱ።

ሦስተኛ፣ የሚሸፈነውን ሥራ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ አንሱት፤ አማካሪ መሐንዲሱም ይፈርምበት።

አራተኛ፣ የሥራ ማስኬጃ ቸግሯችሁ ወደ ወለድ አትሩጡ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች በአገራችን ሥራ ጀምረዋል። ለማቴሪያል ግዥ ሙራበሐ ጠይቁ፤ ውሉንም አንብባችሁ ፈርሙ።

ወጣቶቹ ለተቋራጩ ደብዳቤ ጽፈው ግልባጩን ለመሐንዲሱ ሰጡ። ሥራው ሁለት ሳምንት ቆመባቸው። ቀድመው በሲሚንቶ የለሰኑትን አንድ ግድግዳም በራሳቸው ወጪ ፈልፍለው አነሱት። ከትርፋቸው ብዙው በዚያ ሄደ። በመጨረሻ ኖራው መጣ፤ ሥራውንም እንደ ውሉ ጨረሱት።

እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጃችሁ በዚያ ሰሞን ከወትሮው ያነሰ ገንዘብ ይዞ ቢገባ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። ስንት እንዳመጣ ከመጠየቃችሁ በፊት እንዴት እንዳገኘው ጠይቁት፤ ያንጊዜ በአማናው ይጸናል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን፤ አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።