ለቬሎም መጠባበቂያ ይያዝለት
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ስለ ሠርግ ሳማክር ቀድሜ የማየው በጀቱን ነው። ምግቡ፣ ድንኳኑ፣ ቪዲዮው በየመስመሩ ይጻፋል፤ ቬሎው ግን «ኪራይ» ተብሎ በአንድ ቁጥር ይታለፋል። በሠርጉ ጠዋት የሚያስለቅሰን ደግሞ እሱው ነው።

ብዙ ሙሽሮቻችን ቬሎ የሚከራዩት ከአዲስ አበባ ነው። አዋሽ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሰመራ ደግሞ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ዚፑ ቢበላሽ ሮጦ መቀየር የለም።

ስለዚህ ቬሎው ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ ይድረስ። ለብሳችሁ ቁሙ፣ ተቀመጡ፣ መኪና ውስጥ ግቡ። በእኛ ሙቀት ገበሩ የበዛ ልብስ አይመከርም። በሚዜዋ ቦርሳ መርፌ፣ ነጭ ክርና መርፌ ቁልፍ ይኑር። ዚፑ ከያዘ የሻማ ሰም ወይም ደረቅ ሳሙና ቀቡት። ጨርሶ ከተበላሸ በግራና በቀኝ የክር ቀለበት ሰፍታችሁ፣ በነጭ ሪባን እንደ ጫማ ማሰሪያ እያጠላለፋችሁ እሰሩት። ለዚህም የሰፈራችሁን ልብስ ሰፊ ለዚያ ጠዋት ቀድማችሁ ያዙ፤ ዋጋውም በበጀቱ ይግባ።

የመያዣው ገንዘብ በምን ምክንያት እንደሚቆረጥ በጽሑፍ ይሁን። ስትረከቡ ያለውን እድፍና ቀዳዳ ፎቶ አንሱ፤ አለበለዚያ የሌላዋን ሙሽራ ቀዳዳ እናንተ ትከፍላላችሁ።

ከጠቅላላው በጀት አሥር በመቶ መጠባበቂያ አስቀምጡ። ካልተነካ የአዲሱ ጎጆ የመጀመሪያ ቁጠባ ነው፤ ትዳርን በዕዳ ከመጀመር ይሻላል።