የአጃቢ ገጸ ባሕርያት ድምፅ፦ «ዘ ሲምፕሰንስ» እንደ ማሳያ



የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለ ካርቱን ሊናገር መነሣቱ ፈገግ የሚያሰኛችሁ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። የምናገረውም ስለ ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት አይደለም። «ዘ ሲምፕሰንስ» በተሰኘው፣ ከ1989 ማብቂያ ጀምሮ በሚተላለፈው የአሜሪካ ኮሜዲ ውስጥ በአጃቢነት ስለቆሙት ነው፤ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ መምህሯና ስለ ባለ ሱቁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በስማቸው ልጀምር። የተከታታዩ ፈጣሪ ማት ግሮኒንግ ያደገው በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ነው። ጎረቤቱን ፍላንደርስ፣ ፓስተሩን ላቭጆይ፣ ከንቲባውን ኩዊምቢ ሲል የሰየማቸው በዚያች ከተማ ጎዳናዎች ስም ነው።

በሥዕል የተሠራ ሰው አያረጅም፤ ባርት ዛሬም የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ድምፁ ግን የሚያረጅና የሚሞት ሰው ድምፅ ነው። ተዋናዩ ፊል ሃርትማን በ1998 ሲገደል፣ እርሱ ይናገርላቸው የነበሩት ተዋናዩ ትሮይ ማክሉርና ጠበቃው ላየነል ሃትዝ ዳግመኛ እንዳይናገሩ ተደረገ። በ2013 ማርሻ ዋላስ ስታርፍ፣ የባርት መምህርት ኤድና ክራባፕልም አብራት ተሰናበተች። በመክፈቻው ላይ አንድን ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ በመጻፍ የሚቀጣው ባርት፣ በዚያ ሰሞን መምህርቱ እንደምትናፍቀው የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ በሰሌዳው ላይ ጻፈ።

ኤድና የጎረቤቱ የኔድ ፍላንደርስ ሁለተኛ ሚስት ነበረች። የመጀመሪያይቱ ሚስቱ ሞድ በ2000 የሞተችው፣ ድምፅዋ የነበረችው ማጊ ሮስዌል በክፍያ ጉዳይ ከአዘጋጆቹ ጋር ባለመስማማቷ ሥራውን ከለቀቀች በኋላ ነው። እንግዲህ ፍላንደርስ ሁለት ጊዜ ሚስት ሞተችበት፤ አንደኛው ሞት ከደመወዝ ክርክር፣ ሁለተኛው ከእውነተኛ ኀዘን የመጣ ነው።

አሁን ወደ ባለ ሱቁ ወደ አፑ ልምጣ። ለዚህ ሕንዳዊ ለረጅም ዘመን የተናገረለት ነጭ አሜሪካዊው ሃንክ አዛሪያ ነበር። ኮሜዲያኑ ሃሪ ኮንዳቦሉ በ2017 ባቀረበው ዘጋቢ ፊልም ይህን ተቸ፤ አዛሪያም በ2020 ድምፁን መስጠት እንዳቆመ አስታወቀ። በዚያው ዓመት አዘጋጆቹ ነጭ ላልሆኑ ገጸ ባሕርያት ነጭ ተዋንያን ድምፅ እንደማይሰጡ ወሰኑ።

እኔ በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ፣ በማደሪያው የጋራ ሳሎን ተቀምጬ በአፑ አነጋገር ከሁሉ አብልጬ እስቅ ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አንድ የክፍል ጓደኛዬ የእኔን እንግሊዝኛ አስመስሎ ተናገረ። ሁሉም ሳቁ። ሳቁን ዐወቅሁት፤ ሳሎን ውስጥ የምንስቀው ያው ሳቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ለወራት በሴሚናር ላይ አፌን ለመክፈት እፈራ ነበር።

አፑ በታሪኩ ውስጥ በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ አለው። ይህን የሚያስታውስ ተመልካች ግን ጥቂት ነው፤ እኔም ረስቼው ነበር። ዲግሪውን አነጋገሩ ሸፈነው።

ስለዚህ ተውኔትና ፊልም የምትጽፉ ተማሪዎቼን አንድ ነገር ዐደራ እላለሁ። በሁለት መስመር ንግግር ብቅ ብሎ የሚያልፍ ሰው ስትፈጥሩ፣ በማን አንደበት እንደሚናገርና ሳቁ በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያ ሰው ከተመልካቾቹ መካከል ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና።