የሚረጋውና የማይረጋው ዘይት
በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ከእንጦጦ ሥር ያለችው ቀጨኔያችን ብርዳም ናት። ጠዋት ስንነሣ የፓልም ዘይቱ በጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ፣ የኑግ ዘይቱ ግን ፈሳሽ እንደሆነ እናገኘዋለን። ለምን ይሆን?

ዘይት ሁሉ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ካርቦን አለበት። ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ ከሆነ እንደ ማገዶ ተደራርቦ ይረጋል፤ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሰንሰለት ግን በሁለት ቦታ ድርብ ማያያዣ ስላለው ይጎብጣል፤ አይደራረብም። የተልባው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሦስት ማያያዣ አለው፤ ኦሜጋ 3 የሚባለው ነው።

እነዚህን ሁለቱን ሰውነታችን ራሱ አይሠራቸውም፤ ከምግብ ማግኘት አለብን። የሚረጋውን ቀንሰን በማይረጋው ስንተካ ጎጂው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፤ ልባችንም ይጠበቃል።

ይሁን እንጂ አየር፣ ብርሃንና እሳት ዘይቱን የሚያበላሹት በዚያው በድርብ ማያያዣው በኩል ነው። የኑግ ዘይት ሲቆይ የሚሸተው፣ ደጋግሞ ሲጠበስበትም ቶሎ የሚበላሸው ለዚህ ነው።

ሳምቡሳና ብስኩት ጠብሰን ልጆች የምናሳድግ ብዙ ነን። የትናንቱን ዘይት መድፋት ትርፍን መድፋት እንደሆነ እናውቃለን። ቢሆንም የጠቆረና አረፋ የሚያወጣ ዘይት የጎረቤት ልጅ የሚበላው አይደለም። ጠባብ ድስት ብንጠቀም የሚፈሰው ዘይት ያንሳል። ሳይጨስ እሳቱን እንቀንስ፤ ፍርፋሪውንም እናጥልል።

የኑግ ዘይት ዋጋ ለሁላችንም እንደማይቀመስ ግልጽ ነው። ተልባ ግን በጥቂቱም ይገዛል። ፍሬው ሳይፈጭ ዘይቱን በቅርፊቱ ጠብቆ ያቆያል፤ ስለዚህ ለጾሙ የሚበቃንን ብቻ ቆልተን እንውቀጥ።

ኑጉንም አዝመራው ሲገባ በጋራ በፍሬው ገዝተን፣ በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ እናስጨምቅ እንላለን። ደጋፊዎቻችንን የምንጠይቀውም የሚረጋ ዘይት በጀሪካን እንዲያድሉን ሳይሆን፣ ለኑጉ መግዣ የሚሆን ተዘዋዋሪ ብድር እንዲያግዙን ነው። ብድሩን ከሽያጫችን እንመልሳለን።