የጋራ ጓሳችንን እንጠብቅ
(በሠፈራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የመንዝ ጓሳ የማንም የግል ርስት አይደለም፤ የጋራችን ነው። አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጠበቁት። ሣሩን ለዓመታት ይዘጉና ሲደርስ ይከፍቱት ነበር፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በድርቅም ለከብት። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ቄሮው ቀረ፣ ጥበቃውም ላላ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመው።

ታዲያ ያለጊዜው ማጭድ ይዘን ብንገባ የምንጎዳው ማንን ነው? ሣሩ ካለቀ አይጡ መጠለያ ያጣል፤ አይጥ ከሌለ ቀይ ቀበሮው ምን ይበላል? እሱ እንደሆነ ከአገራችን በቀር የትም የለም፤ የቀረውም ከ500 አይበልጥም። ድርቅ ቢመጣስ በሬያችን ምን ሊበላ ነው?

ስለዚህ አደራ! በስውር የሚያጭድ፣ እሳት የሚለኩስ ብናይ ዝም አንበል፤ ለጠባቂዎቹ እንንገር። ሣሩ የሚታጨደው ሲከፈት ብቻ ነው።