ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳችንና ስለ ስክሪን

(የመረዳጃ ማኅበሩ ጸሐፊ ለጠቅላላ ስብሰባ ያደረጉት ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ወጣቶቻችን አንድ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ይኸውም በራችን ላይ ያለው የጣውላ ሰሌዳ ይቅርና በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንደሚታየው ያለ ስክሪን ተገዝቶ ማስታወቂያችን በእሱ ይነገር የሚል ነው። ኮሚቴውም ነገሩን አጣርቼ እንድናገር አዞኛል። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ የማላውቀውን ልጆቹን ጠይቄ፣ ያየሁትን ደግሞ እንዳየሁት እነግራችኋለሁ።

ዕቃው ምንድን ነው? ትልቅ ቴሌቪዥን በሉት። ከኋላው አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር አለችው። ቢሮ የተቀመጠ አንድ ሠራተኛ የጻፈው ነገር በኔትዎርክ ተልኮ በየበሩና በየሕንጻው ባለው ስክሪን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወጣል። ሰፊ ግቢ ላለው ተቋም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእኛ ቁልቁል ያለውን የስድስት ኪሎን ግቢ አስቡት። ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው በ1954 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለ ግቢ የፈተና ክፍል ተለወጠ ቢባል፣ ወረቀትና ሙጫ ይዞ ሕንጻ ለሕንጻ የሚዞረው ሰው ሳይጨርስ ፈተናው ይጀመራል።

ከዚህም የባሰ አለ። በአሜሪካ አገር ቨርጂኒያ ቴክ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሚያዝያ 8 ቀን 1999 ዓ.ም. አንድ ታጣቂ 32 ሰዎች ገደለ። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ለተማሪው ሁሉ የማስጠንቀቂያ መልእክት እስኪላክ ሁለት ሰዓት ያህል አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው በመማሪያ ክፍሎቹ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚጻፍ ሰሌዳ ሰቀለ። ጥቅሙ እንግዲህ ይህ ነው፤ ለድንገተኛ ነገር የሚስተካከለው የለም።

ጉድለቱንስ? አምና ልጄን ክፍለ ሀገር ወደ ተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ወስጃት ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በሩ ላይ የሚያምር ስክሪን ተሰቅሎ የመኝታ ክፍል ድልድል ይወጣበታል። የልጄን ስም ስፈልግ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ሳለሁ ገጹ ተገለበጠና የእንኳን ደህና መጣችሁ ሥዕል መጣ። ቆሜ ጠበቅሁ፤ ሲመለስም አመለጠኝ። ከጎኔ የነበሩ አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ ማንበብ ከቻልክ የልጄንም እይልኝ» ሲሉኝ እውነቴን ነው አፈርኩ። በሦስተኛው ዙር ደግሞ መብራት ጠፋ። በኋላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «ጋሼ፣ እዚያ ጓሮ በወረቀት ተለጥፏል» ብሎ አሳየን። በጣቴ እየተከተልኩ የሁለቱንም ልጆች ስም አገኘሁ። ወረቀት ሰው ይጠብቃል፤ ስክሪን አይጠብቅም።

ጥፋቱን ግን በዕቃው ብቻ አላሳብብም። ባለፈው ክረምት የስብሰባችን ቀን ሲለወጥ አዲሱን ለጥፌ አሮጌውን ሳላነሳ ቀረሁ። አንዲት እናታችን አሮጌውን አስነብበው፣ በዝናብ መጥተው፣ ከተዘጋ በር ተመለሱ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታም ጠይቄያቸዋለሁ። ስክሪን ቢኖረን ኖሮስ? የሚያነሳው ሰው ከሌለ ያለፈውን ቀን በመብራት አሳምሮ ያሳየን ነበር እንጂ ሌላ ምን ያደርግልናል?

ስለሆነም የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ. የለቅሶ ነገር እንደ ቀድሞው በጥሩምባና በሰው አፍ ይነገር።

2ኛ. የመዋጮ ሒሳብ፣ የስም ዝርዝርና ውሳኔ፣ ማለት ሰው ተመላልሶ የሚያነበው ሁሉ፣ ማኅተም ተደርጎበት በወረቀት ይለጠፍ።

3ኛ. በማናቸውም ማስታወቂያ ላይ የተለጠፈበትና የሚነሳበት ቀን ይጻፍ። የሚያነሳውም ሰው ይመደብ። እስከዚያው ኃላፊው እኔ ነኝ።

4ኛ. ይህን ለስድስት ወር በትክክል ከሠራንበት ስለ ስክሪኑ እንደገና እንነጋገር። ቢገዛም በድንገት ለሚለወጥ ነገር ይሁን፤ የውሃ ፈረቃ ሲቀየር፣ የክትባት ቦታ ሲዛወር። ፊደሉ ትልቅ፣ ቃሉ አጭር ይሁን። ገጹ ሳይገለበጥ እንደ እኔ ያለ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ድምፁን አውጥቶ ሁለት ጊዜ ያንብበው። ካልጨረሰ ፈጥኗል ማለት ነው።

ወጣቶቻችን ሐሳባችንን ጣለው ብለው እንዳይቀየሙኝ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እንዲያውም ሥራውን የሚያውቁ ሁለት ልጆች ከወዲሁ ይመረጡ። ነገር ግን ሣጥናችን ውስጥ ያለው ገንዘብ የሐዘንተኛ ገንዘብ ነው። ከእሱ ወጪ ሲደረግ ማንበብ የማይችሉትም እናቶች የሚጠቀሙበት መሆን አለበት።

ሐሳቤ ይኸው ነው፤ ውሳኔው የእናንተ ነው።