የወደቀ ሞተር ይነሳል፤ የወደቀ ልጅስ?

(ስፖርት ሞተር ለመግዛት ላሰቡ የአዲስ አበባ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር)



ከእንደኔ ዓይነቱ ጋዜጠኛ የምትጠብቁት ፖለቲካ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የተጠራሁት «ስፖርት ሞተር አዲስ ይገዛ ወይስ ያገለገለ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንድሰጥ ነው። ደስ ይላል! ነገር ግን በእኛ አገር ፖለቲካ ያልገባበት ግዢ የለምና መጀመሪያ እሱን እንገላገለው።

የአዲስ አበባ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ብስክሌት በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ሲያግድ የሰጠው ምክንያት ወንጀል ነበር። ቀማኛ በሞተር ተጠቀመ ተብሎ ሰላማዊው ባለሞተር ሁሉ ከመንገድ ወረደ። ለትኋን ብሎ ቤት ማቃጠል ይሏል ይሄ ነው! በኋላ ፈቃድ ላገኙት ተፈቀደ። ለገዢ የሚተርፈው ትምህርት ታዲያ ምንድነው? ዋጋው ያለ ልክ የወረደ ሞተር ስታዩ ከሞተሩ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ። ደላላው «ፈቃዱማ ይወጣል፣ ሰው አለኝ» ካላችሁ እግሬ አውጪኝ በሉ። ሰውየው ሲሸጥላችሁ አለ፤ ትራፊክ ሲይዛችሁ የለም።

ሁለተኛው ፖለቲካ ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ዘለለ። ስፖርት ሞተር ደግሞ ከስፖኪዮው እስከ ካቴናው ከውጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ሞተሩን አንድ ጊዜ ትገዙታላችሁ፤ መለዋወጫውን ግን በየጊዜው በዶላር ሒሳብ ትገዙታላችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። አዲስ ሞተር ክብር አለው። ማን እንደነዳው፣ የት እንደወደቀ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ አትጨነቁም። የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ሳታጣድፉት ነድታችሁ ዘይቱንና ፊልትሮውን ካስቀየራችሁ ዕድሜው ረጅም ነው። የፋብሪካ ዋስትናም አለው። ግን ዋስትናው የሚሠራው ወኪል፣ መለዋወጫና የሠለጠነ መካኒክ በአጠገባችሁ ሲኖር ነው። ዋስትናው ጃፓን፣ ሞተሩ ቃሊቲ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

ስፖርት ሞተር ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር ደግሞ አለ። የፕላስቲክ ልብስ ለባሽ ነው። መብራት ላይ ቆማችሁ እግራችሁ አሸዋ ላይ ቢንሸራተትና ሞተሩ ቢጋደም ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ጉዳቱ ግን ዜሮ አይደለም። ልብሱ ይሰነጠቃል፤ ፍሬቻው፣ ስፖኪዮው፣ የፍሪሲዮን እጀታው ይሰበራል። አዲስ ከሆነ የዓመት ዕቁባችሁ ሲያለቅስ ትሰማላችሁ። ያገለገለ ከሆነ በጭረቱ ላይ አንድ ጭረት ተጨመረ፣ አለቀ! ጀማሪ ደግሞ ሞተር መጣሉ አይቀርም።

ይሄን በግምት አልናገርም። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ይፋ የሆነው በሃሪ ኸርት የተመራ ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን እቦታው ድረስ ሄዶ መርምሯል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ የሚበልጡት በዚያ ሞተር ላይ የነበራቸው ልምድ ከአምስት ወር በታች ነበር። ልብ በሉ፣ በጠቅላላው ግን ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሞተር የነዱ ናቸው! ከፋብሪካ ይምጣ ከጎረቤት፣ ለእናንተ እንግዳ የሆነ ሞተር ሁሉ አዲስ ነው። የሚገድለውም እንግድነቱ ነው።

ጉልበቱስ? እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የያማሃ አር ዋን 998 ሲሲ ሞተር 150 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። የካዋሳኪ ኒንጃ 300 ደግሞ 296 ሲሲ ሆኖ ጉልበቱ 39 ገደማ ነው። አንዱ ሲያጓራ ሰው ዞሮ ያየዋል፤ በሌላው ግን መንዳት ይለመዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። «እንግዲያው ትልቁን ልግዛ» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ከፍታው የቀነሰው ጉልበት ነው እንጂ ለፍሬንህ የጨመረልህ ነገር የለም! አሮጌ ባለካርቡራተር ሞተር ከቆላ መጥቶ ጥቁር ጭስ ቢተፋም ወዲያው አትፍረዱበት፤ ቤንዚኑ ለስሱ አየር በዝቶበት ይሆናል፤ ይስተካከላል።

እንግዲህ ፍርዴ ይሄ ነው። የመጀመሪያ ስፖርት ሞተራችሁ ያገለገለ፣ ከ300 እስከ 400 ሲሲ፣ ወረቀቱ የጠራ ይሁን። የጠራ ካጣችሁ አዲስ ትንሽ ግዙ እንጂ ያገለገለ ትልቅ አትግዙ። አዲሱ ትልቅ ሞተር እጃችሁ ሲፈታ ይደርሳል።

ያገለገለ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ግለጡ። ለሻጩ «ሳልመጣ እንዳታስነሳው» በሉት፤ ስትደርሱ ማርሚታውን በጥንቃቄ ዳስሱ። ሞቆ ካገኛችሁት ሻጩ ሊደብቀው የፈለገ ነገር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። የሻንሲውን ቁጥር መሪው አንገት ላይ ፈልጋችሁ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ የተፋቀ ወይም የተቀጠቀጠ ከሆነ ወደ ቤታችሁ! የመሪውን ጫፎች፣ የእግር መርገጫውንና የሞተሩን ጎን እዩ፤ መሬት የነካ ነገር ምልክት አለው። አሮጌ ሞተር ላይ አዲስ ልብስ ካያችሁ «የድሮው የት ሄደ?» በሉ። ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ላይ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ግማሽ ጥርስ ከታየ ማለቁ ነው። የፊት አሞርዛተሩን ዘንግ በሶፍት ጥረጉ፤ ዘይት ካለው ጎሚኒው ሄዷል። ጎማው ላይ ያለውን ባለአራት አኃዝ ቁጥርም አንብቡ፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ቢያምርም የደረቀ ጎማ በዝናብ ጊዜ ወዳጅ አይሆንም።

የተረፋችሁን ገንዘብ ታዲያ ለሙዚቃና ለመብራት አታድርጉት። ያገለገለ ሞተር ይገዛል፤ ያገለገለ ሄልሜት ግን አይገዛም! ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር አንድ ጊዜ ከተመታ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ከውጭ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ብሏል። በሕግ የምንገደድበት የሦስተኛ ወገን መድንም የሚክሰው የገጫችሁትን ሰው እንጂ የእናንተን ሞተር እንዳልሆነ አትርሱ።

ለሹሞቹም አንድ ቃል አለኝ። ሌባን በሰሌዳው ፈልጎ መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው፤ ሁሉንም ከመንገድ ማውረድ ግን የሥራ ሽሽት ነው። እናንተም በበኩላችሁ ሰሌዳችሁን አትሸፍኑ፣ በቀይ መብራት አትለፉ፣ ለከልካይ ሰበብ አትስጡ።

ፕላስቲክ በገንዘብ ይተካል። እናቶቻችሁ ግን ሌላ ልጅ ከገበያ አይገዙም፤ አዲስም ሆነ ያገለገለ።